ለ16 አማተር ቡድኖች የትኛው የውድድር ቅርጽ ይሻላል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በሁለት የዕረፍት ቀናት የሚጠናቀቅ የካውንተር ስትራይክ 2 (የተኩስ ቪዲዮ ጌም) ውድድር በኢንተርኔት ለማካሄድ እየተዘጋጀን ነው። ከተመዘገቡት 16 ቡድኖች አራቱ አሰልጣኝ ያላቸውና በየሳምንቱ የሚለማመዱ ከፊል ፕሮፌሽናሎች ሲሆኑ፣ የቀሩት ከሥራና ከትምህርት በኋላ ተሰባስበው የሚጫወቱ አማተሮች ናቸው። ከአዘጋጆቹ አንዳንዶቹ በቀጥታ ጥሎ ማለፍ ቶሎ እንጨርስ ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በታላላቆቹ መድረኮች የተለመደውን ስዊስ ሲስተም፣ ማለትም በየዙሩ እኩል ውጤት ያላቸው የሚገናኙበትን አሠራር እንከተል ይላሉ። ስምንት ጨዋታዎችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱ ሰርቨሮች አሉን፤ ዳኞቻችን ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን።

የመጀመሪያ ምላሽ፦

ቅርጹን ስትመርጡ ከሻምፒዮኑ ይልቅ ቀድሞ ስለሚሰናበተው ቡድን ብታስቡ ይሻላል፤ ሻምፒዮኑማ በየትኛውም ቅርጽ በቂ ጨዋታ ያገኛል። ጥሎ ማለፍ 16 ቡድኖችን በ15 ጨዋታዎች ይጨርሳል፤ ነገር ግን ስምንቱ፣ ማለትም ከተመዘገቡት ግማሾቹ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ አድርገው ይወጣሉ። ዕጣው ከአንዱ ከፊል ፕሮፌሽናል ጋር አገናኝቶት 13 ለ 2 የተሸነፈ አማተር ቡድን በሚቀጥለው ውድድር ባይመዘገብ አይፈረድበትም።

የድርብ ጥሎ ማለፍ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ብቻ የሚሰናበትበት አሠራር፣ ለሁሉም ሁለት ጨዋታ ያረጋግጣል። ሆኖም የጨዋታው ቁጥር ወደ 30 ያድጋል፤ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ወደ ታችኛው መስመር የወረደ ቡድንም ለፍጻሜ ለመድረስ ስድስት ጨዋታዎችን በተከታታይ ማሸነፍ ይኖርበታል። ይህ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ለተጫዋቾቹም ለዳኞቹም አድካሚ ነው።

ከቼዝ የተወረሰው ስዊስ ሲስተም ጥሩ ስም አለው። ሜጀር የሚባሉት የካውንተር ስትራይክ ታላላቅ ውድድሮች ከ2017 ጀምሮ ሲጠቀሙበት፣ የሌላው ቪዲዮ ጌም የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የዓለም ሻምፒዮናም በ2023 ተቀብሎታል። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ያልፋል፣ ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ይወጣል፤ 16 ቡድኖችም በአምስት ዙርና በ33 ጨዋታዎች ስምንት አላፊዎችን ይለያሉ። ለእናንተ የማልመክረው ግን የሚቀጥለው ዙር ድልድል የሚወጣው ያለፈው ዙር ጨዋታዎች በሙሉ ሲያልቁ ስለሆነ ነው። አንድ ጨዋታ በኢንተርኔት መቆራረጥ ቢጓተት የሌሎቹ ቡድኖች መርሐ ግብር አብሮ ይጓተታል፤ አንድ አማተር ቡድን በመካከል ጥሎ ቢሄድም ድልድሉ ይዛባል።

እኔ የምመርጠው ስታርክራፍት በተባለው የስትራቴጂ ቪዲዮ ጌም ውድድሮች የታወቀውን የአራት ቡድኖች ምድብ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ጨዋታዎች ይደረጋሉ፤ ከዚያም አሸናፊ ከአሸናፊ፣ ተሸናፊ ከተሸናፊ ይገናኛሉ። ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል፣ ሁለቱንም የተሸነፈ ይሰናበታል፣ አንድ አንድ ያላቸው ደግሞ ለሁለተኛው ቦታ ይፋለማሉ። ለአራት ምድብ 20 ጨዋታዎች ይሆናሉ፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ምዕራፍ ስምንት ስምንት ጨዋታ፣ ሦስተኛው ደግሞ አራት ጨዋታ ስላላቸው ሰርቨሮቻችሁን ልክ ይሞላሉ። በሁለተኛው ቀን ከሩብ ፍጻሜ እስከ ፍጻሜ ሰባት ጨዋታዎች ብቻ ይቀራሉ። አራቱን ጠንካራ ቡድኖች በአራቱ ምድቦች ለይታችሁ አስቀምጧቸው፤ ዕጣ የሚወጣው ለቀሩት ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ ምላሽ፦

በምድቡ አሠራር እስማማለሁ፤ በአንድ ማፕ (የጨዋታ ሜዳ) ብቻ ማሰናበትን ግን አልደግፍም። በአንድ ማፕ ውስጥ ያሉት አጫጭር ፍልሚያዎችም ዙር ይባላሉ፤ ከ2023 ወዲህ ለማሸነፍ የሚያስፈልጉት ዙሮች ቀንሰው 13 ዙር ቀድሞ ያገኘ የሚያሸንፍ በመሆኑ፣ በየአጋማሹ መጀመሪያ በሽጉጥ ብቻ የሚደረጉት ዙሮች ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝተዋል፤ ደካማው ቡድን በእነዚህ ሁለቱ ቢቀናው ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ የመክፈቻ ጨዋታዎቹ በአንድ ማፕ ይሁኑ፤ ስንብት ወይም ማለፍ የሚወሰንባቸው ግን በሦስት ማፕ ሁለት ያሸነፈ በሚያልፍበት ደንብ ይካሄዱ። ሜጀሮቹም በስዊሱ ምዕራፍ ስንብትንና ማለፍን በሦስት ማፕ ይወስናሉ። የማፕ ምርጫውንም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከሰባቱ ማፖች ማን ቀድሞ እንደሚሰርዝ ያልተነገራቸው ሁለት ካፒቴኖች ዳኛ እስኪመጣ ይከራከራሉ፣ ዳኛው ደግሞ ሌላ ጨዋታ ላይ ነው።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በዕለቱ 14 ቡድኖች ብቻ ቢገኙስ?

የመጀመሪያው መላሽ፦

ሁለቱን ምድቦች በአራት፣ ሁለቱን በሦስት አድርጓቸው፤ ሦስት ቡድን ባለው ምድብ ሁሉም እርስ በርሱ ይጋጠምና ሁለቱ ይለፉ። እዚህ ላይ የጨዋታው ቅደም ተከተል ከሚመስለው በላይ ወሳኝ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ወዲያውኑ ሦስተኛውን ቡድን ይግጠም። ይህ ቡድን ሁለቱንም ቢያሸንፍ የቀሩት ሁለቱ ለሁለተኛው ቦታ ይፋለማሉ፤ ቢሸነፍም የመጨረሻው ጨዋታ ማን እንደሚያልፍ ይወስናል። ተቃራኒውን አድርጋችሁ ተሸናፊው ቀድሞ ሦስተኛውን ቢገጥምና በድጋሚ ቢሸነፍ፣ የመጨረሻው ጨዋታ አስቀድመው ባለፉ ሁለት ቡድኖች መካከል ይሆንና ማንም ከልቡ አይጫወተውም። ሦስቱም እኩል ቢወጡ በዙር ልዩነት ለዩአቸው። የፎርፌውን ሰዓትም አትርሱ፤ 15 ደቂቃ ከተባለ ለሁሉም 15 ደቂቃ ይሁን፣ በተለይ ያረፈደው ቡድን ከጠንካሮቹ አንዱ ከሆነ።