ለመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁ ተማሪዎች፦ የግዕዝና የላቲን ሥርዓት ልጆች በአንድ ክፍል

የቅዳሜ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት ስለማይሰጥና አብዛኞቹ ተማሪዎቻችንም የሌላ እምነት ተከታዮች ስለሆኑ፣ ለመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁትን 14 ልጆች የማገኛቸው ቅዳሜ ጠዋት በቁምስናችን ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ዘጠኙ የግዕዝ ሥርዓት (የኢትዮጵያ ምሥራቃውያን ካቶሊኮች የአምልኮ ሥርዓት) ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የአምስቱ ወላጆች ግን ከሆሳዕናና ከሶዶ የመጡ የላቲን (የምዕራባውያን ካቶሊኮች) ሥርዓት ምእመናን ናቸው። ከእነዚህ አንዷ እናት፣ ልጃቸው ከቁርባኑ ጋር ሜሮን እንዲቀባ ጠየቁኝና ምን እንደምመልስላቸው ቸገረኝ። ሌላው ያሳሰበኝ የልጆቹ ትምህርት ነው። «ምሥጢር ምንድን ነው?» ስለው ሳይተነፍስ የሚያወርድልኝን አንድ ልጅ፣ «እሑድ የምትቀበለውስ ምንድን ነው?» ብለው «ዳቦ» አለኝ።

አንድ ቆሞስ፦
ውድ መምህርት፣ ሜሮንን በተመለከተ ምንም ከመመለስዎ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ይጠይቁ። በግዕዝ ሥርዓት ሜሮን ከጥምቀት ጋር አብሮ ይሰጣል፤ በላቲን ሥርዓት ግን በሕፃንነቱ የተጠመቀ ልጅ ሜሮን የሚቀበለው ካደገ በኋላ ነው። ምሥጢረ ሜሮን እንደ ጥምቀት ሁሉ አይደገምምና፣ ከወላጆች ትዝታ ይልቅ መዝገቡን ይመኑ። ወላጆቹ የላቲን ሥርዓት ሆነው ልጁ በግዕዝ ሥርዓት ቄስ ተጠምቆ ከሆነ፣ የተቀበለው ሜሮን የጸና ነው፤ ልጁም በዚህ ምክንያት ሥርዓቱን አይለውጥም፣ የወላጆቹ ሥርዓት አባል እንደሆነ ይቀራል።

ስለ ዕድሜው ደግሞ፣ ልጆች ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ማስተዋል ሲጀምሩ እንዲቆርቡ የፈቀዱት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ሲሆኑ፣ ዘመኑም 1910 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት በብዙ የአውሮፓ አገሮች አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነበር። የምሥራቃውያን ጥንታዊ ልማድ ግን ሕፃኑን በተጠመቀበት ዕለት ማቁረብ ነው፤ ስለዚህ የግዕዝ ልጆችዎን «ገና አልደረሳችሁም» ከማለት መቆጠብ ይገባል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ ከደቡብ፦
«ዳቦ» ያለውን ልጅ እኔ ብሆን አላርመውም፤ ከዚያው እነሣለሁ። ሕጉ ከሕፃናት የሚጠይቀው በቂ ዕውቀትና ዝግጅት ኖሯቸው የክርስቶስን ምሥጢር እንደ አቅማቸው እንዲረዱና ሥጋውን በእምነትና በአክብሮት እንዲቀበሉ ነው፤ የቃል ጥናት አይጠይቅም። እኔ ያልተቀደሰውን ኅብስት በሳህን አድርጌ ከድፎ ዳቦ ጎን አስቀምጣለሁ፤ ሁለቱንም አሸትተው ይቀምሳሉ፤ ከዚያ የመጨረሻውን እራት ታሪክ እነግራቸዋለሁ። አንዲት ልጅ «ታዲያ ይሄኛው እዚህ ዳቦ ነው፣ መንበሩ ላይ ግን እሱ ነው?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከአዋቂም ሰምቼ አላውቅም።

አብዝተው ሊለፉበት የሚገባው ኑዛዜው ነው። ልጆች ከአባ ፊት ሲቀመጡ ይደነግጣሉ፤ አንዳንዱ ያልሠራውን ኃጢአት ፈጥሮ ይናገራል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት አባ ራሳቸው ክፍል ገብተው እንዲያጫውቷቸው አደርጋለሁ። የላቲን ልጆች የሚጾሙት ከመቁረባቸው በፊት ለአንድ ሰዓት መሆኑንም ለአያቶች አስረግጠው ይንገሩልኝ። አምና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ የመጣች ልጅ ሰልፉ ላይ አዙሯት ተቀምጣለች።

የሁለት ልጆች እናት፦
የእኔ ልጅ ያስቸገረኝ በጓደኛው ነው፤ ኦርቶዶክስ ነውና «አብረን እንቁረብ» ብሎት ኖሮ፣ እምቢ ማለት አቃተው። መምህርቱ ይህን በክፍል ውስጥ አስቀድመው ቢያነሡት መልካም ነው፤ ጓደኛው በራሱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚቆርብ ስነግረው ልጄ ወዲያው ተረጋጋ።

የቅዳሜ መምህርት፦
አባ፣ ምክርዎን ተከትዬ የምስክር ወረቀቶቹን ሰበሰብሁ። ሜሮን የጠየቁት እናት ልጅ የተጠመቀው እዚሁ አዲስ አበባ በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ ሜሮን የተቀባበት ቀንም ከጥምቀቱ ጋር ተመዝግቧል። እናቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሶዶ ላይ ወንድማቸውን ሜሮን የቀቡት ጳጳሱ ስለነበሩ፣ የልጃቸውም እንደዚያ በበዓል የሚሆን መስሏቸው ነበር። አሁን የቀረኝ ከሆሳዕና የሚመጣ የአንድ ልጅ ወረቀት ነው። ለመጪው ቅዳሜም ድፎ ዳቦ አዝዣለሁ።