ለጌምና ለብዙ ሥራ የሚሆን ፕሮሰሰር፦ በአያት፣ በጀሞና በኮዬ ፈጬ ለምትኖሩ ጥቆማ

ኮምፒውተር ለመገጣጠም ያሰባችሁ፣ በተለይም በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉት ሰፈሮች የምትኖሩ፣ ፕሮሰሰር ስትመርጡ ከስሙ አስቀድማችሁ ጀነሬሽኑን (ስንተኛ ትውልድ መሆኑን) እንድትጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ። «አይ7 ነው» የሚለው አነጋገር ገዢን በቀላሉ ያማልላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ7-4770 እና በ2022 የወጣው ኮር አይ3-12100 እኩል አራት ኮር (ሥራውን የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዷቸው የሥራ መስመሮች) ያላቸው ቢሆኑም፣ አዲሱ አይ3 አሮጌውን አይ7 በጌምም ሆነ በሌላ ሥራ በሰፊ ልዩነት ይበልጠዋል። በዚያ ላይ ያ አይ7 ያለበት አራተኛ ጀነሬሽን ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውጭ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ የምትገዙ ከሆነ ቢያንስ 8ኛ ጀነሬሽን ይሁን። ስድስት ኮር ያለው አይ7-8700 ከእነዚህ መካከል ዛሬም የሚያስከፋ አይደለም።

ግራፊክስ ካርድ ላለው ወይም አብሮ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 5 5600 ነው። ስድስት ኮር፣ 12 ትሬድና 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማህደረ ትውስታ) አለው፤ አዲሱ በካርቶኑ ሲገዛ የራሱ ፋን አብሮት ይመጣል። ተፎካካሪው ኮር አይ5-12400ኤፍ በጌም ከእርሱ እምብዛም ስለማይለይ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር ተደምሮ በገዛችሁበት ቀን የረከሰውን ብትወስዱ አትጎዱም። እኔ ወደ ራይዘኑ የማደላው፣ በዚያው ኤኤም4 (የራይዘኑ ሶኬት ዓይነት) ማዘርቦርድ ላይ ወደፊት 96 ሜጋባይት ካሽ ያለውን ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ መትከል ስለሚቻል ነው። ጌም ከካሽ ብዙ ይጠቀማልና ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ካርድ የሌላችሁ ግን ከስሙ ጫፍ ያለችውን ፊደል በደንብ ተመልከቱ። በኢንቴል «ኤፍ» የሚል ካለበት ውስጣዊ ግራፊክስ የለውም፤ ራይዘን 5 5600ም እንዲሁ። ይህን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ቤት ደርሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ስክሪኑ ምንም አያሳይም። ለእንዲህ ያለው ገዢ የሚሆነው ውስጣዊ ግራፊክስ ያለው ራይዘን 5 5600ጂ ነው፤ ቫሎራንትንና ዶታ 2ን የመሰሉ ጌሞችን ጥራታቸው ዝቅ ተደርጎ ያጫውታል። ውስጣዊ ግራፊክሱ የሚሠራው በኮምፒውተሩ ራም ስለሆነ ግን ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ከመግዛት ይልቅ ባለ 8 ሁለት ግዙ፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ይፈጥናሉ።

ጌም እየተጫወቱ መቅረጽ፣ ብዙ ገጽ ከፍቶ መሥራት፣ ከጎን ሙዚቃና ቴሌግራም ማስኬድ ለሚፈልግ ሰው ስድስት ኮር ይበቃል። በእኔ እምነት በፕሮሰሰር ከሚሳበበው መጓተት ብዙው የራም ማነስ ነው። ቪዲዮ ማቀናበር የዕለት እንጀራው ለሆነ ሰው ብቻ ስምንት ኮር ያለውን ራይዘን 7 5700ኤክስ እጠቁማለሁ።

መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበትና ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር የዋት ጉዳይ ከፍጥነቱ ያልተናነሰ ክብደት አለው። ራይዘን 5 5600 በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 76 ዋት ገደማ፣ 12400ኤፍ ደግሞ እስከ 117 ዋት ይወስዳል፤ ኮር አይ9-14900ኬ ግን 253 ዋት ይደርሳል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱን 132 ዋት ከሚወስደው ራዲዮን አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ ጋር ብታጣምሩ፣ መካከለኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ጌሙን ሴቭ አድርጋችሁ እስክታጠፉት ድረስ ይይዝላችኋል። ሙቀቱም ሌላ ምክንያት ነው፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፣ ፋንም በስስ አየር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ገና ያልተነጠፈ መንገድ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ አቧራው ይጨመርበታል። በዚህ ላይ ኢንቴል በ13ኛና በ14ኛ ጀነሬሽን አንዳንድ ፕሮሰሰሮቹ ላይ በቮልቴጅ ምክንያት የመረጋጋት ችግር መኖሩን አምኖ፣ በ2024 የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፕሮግራም) ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ስለዚህ ከእነዚህ ያገለገለ አይ7 ወይም አይ9 በርካሽ ብታገኙም እንድትገዙ አልመክርም።

የት ይገዛ ለሚለው፣ ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን ቦሌ ወይም መገናኛ ካሉ ሱቆች ከአንድ ቦታ ብትገዙ ይሻላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ገጥመው እንዲያስነሱላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ባይግባቡም ሁለት ሻጭ እርስ በርሱ አይወነጃጀልም። ለኬዝና ለመሳሰለው መርካቶ ዞር ዞር ማለት ያዋጣል። በቴሌግራም የሚሸጥ ያገለገለ ፕሮሰሰር ዋጋው ሊያስደስት ይችላል፤ ሆኖም ሳያዩ ቅድሚያ ክፍያ መላክ ፈጽሞ አይገባም። በየሰፈራችን ያሉትን ጥገና ቤቶች ለመግጠም፣ አቧራ ለማስጠረግና ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ለማስቀየር ተጠቀሙባቸው፤ ወደ መሀል ከተማ የሚያስወጣውን የታክሲ እንግልት ያስቀራሉ።

ያገለገለ ኤኤም4 ፕሮሰሰር ስትረከቡ ገልብጣችሁ በስልክ መብራት ከጎን እዩት። ከሥሩ ያሉት 1,331 ጥቃቅን እግሮች በየትኛውም አቅጣጫ ስታዩአቸው ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው፤ አንዷ እንኳ ካዘነበለች መስመሩ ላይ ወዲያው ትታያለች። በኢንቴል በኩል እነዚህ እግሮች ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ፣ የሶኬቱን ክዳን አስከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም አንብቡ፤ ዋስትና ከተሰጣችሁም ጊዜውና የዕቃው መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ቀድሞውኑ ቢ450 የተባለ ኤኤም4 ማዘርቦርድ ያላችሁ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ባዮሱን (የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም) አሳድሳችሁ 5600ን ብቻ መግዛት የምትችሉ መሆኑን አረጋግጡ። ማሳደሱ የሚከናወነው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው፤ ሥራው እየተካሄደ መብራት ቢቋረጥ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት።