ተወካያችን ጥያቄያችንን በጽሑፍ ቢያቀርቡልን ለውጥ ያመጣል?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። የውሃ ነገር መቼም የሁላችንም ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ የፓርላማ ተወካያችንን ለከተማችን የመጠጥ ውሃ ይሰጣል ስለተባለው መገጭ ግድብ ጠየቅናቸው። «ለሚመለከተው አካል አደርሳለሁ» አሉን። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። በሌላ አገር እንደራሴዎች ሚኒስትሩን በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበላሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ይሠራል? እኛስ ጋ ይቻላል?

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
ልጄ፣ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ነው። በአፍ የተባለ ነገር የት እንደሚቀር አውቃለሁ። «ጥያቄው ተነሥቷል፣ ትኩረት ይሰጠዋል» ተብሎ ይጻፋል፤ በቃ።

እንግሊዝ አገር እንደራሴው ጥያቄውን ጽፎ ያስገባል። መልሱ በሳምንት ገደማ ይጠበቃል። ከቸኮለ የመልሱን ቀን ራሱ ይቆርጣል። ፈረንሳይ 2 ወር ትሰጣለች። ጥያቄውም መልሱም ታትሞ ይወጣል። ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሚኒስትሩ ዛሬ የጻፉትን ቁጥር የዛሬ ዓመት ሌላ እንደራሴ አውጥቶ ያመሳክረዋል። ማምለጫ የለውም አልልም። «መረጃውን ለማሰባሰብ ወጪው ይበዛል» ብለው የሚመልሱ አሉ። እሱም ቢሆን ግን ተጽፎ ይቀመጣል። ማን እንዳልመለሰ ይታወቃል።

እኛ ጋ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 አንብቢ። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ መጥራት ይችላል፤ የአስፈጻሚውንም አሠራር ይመረምራል። ሥልጣኑ አለ። የለመድነው ግን የቃሉን ነው። ሚኒስትሩ ሪፖርት ያቀርባሉ፣ ጥያቄ ይደራረባል፣ መልሱ በጅምላ ይመጣል። የጎንደር ውሃ እዚያ መሃል ይዋጣል።

ስለዚህ ጥያቄውን አርቅቃችሁ ስጧቸው። «ግድቡ መቼ ያልቃል?» አትበሉ። እሱን «በቅርቡ» ብሎ መመለስ ይቻላል። «ውሉ ሲፈረም ወጪው ስንት ነበር? እስካለፈው ሰኔ 30 ስንት ተከፈለ? ወደ ከተማው የሚመጣው የመጠጥ ውሃ መስመር በየትኛው ዓመት በጀት ተይዟል?» በሉ። ቁጥር የጠየቀ ሰው በወሬ አይሸኝም።

የሕግ ተማሪ ከማራኪ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ተወካዩን ሳንጠብቅ እኛም መጻፍ እንችላለን። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ከከለከሉም ምክንያታቸውን መግለጽ አለባቸው። ግን ጋሼ፣ ተወካዩ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው ቢቀሩስ?

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
በሁለት ቅጂ ስጧቸው። በአንዱ ላይ ቀን ጽፈው ይፈርሙላችሁ። አልፈርምም ካሉ ያንንም ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት። ደግሞ ጊዜውን ምረጡ። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት፣ ለእረፍት ሲመጡ አግኟቸው።

የአዘዞዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሦስቱን ጥያቄዎች ገልብጫቸዋለሁ። ከሠፈሩ ሰው ጋር አይተን ረቂቁን እዚህ እለጥፋለሁ፤ እርስዎ ያርሙልናል። ማራኪ ያለኸው ወንድሜ፣ የመረጃ ጥያቄውን ደብዳቤ አንተ ትጽፍልናለህ?

የሕግ ተማሪ ከማራኪ፦
እጽፋለሁ። ለመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ብዬ እጀምራለሁ።