ለገጣፎ የሚቆም ኮሮላ፣ የተሰነጠቀ የጋራዥ ወለል

የለገጣፎዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ቤታችን ለገጣፎ ነው። ለገና ገብተን ጥምቀትን አክብረን እንመለሳለን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ገና መኪናው ይቆማል። ኮሮላ የ2005 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ ባለ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር፣ ማንዋል ነው። ዘበኛው በየሳምንቱ እያስነሳ ቢያሞቀው ይበቃል? ባትሪውስ እንዴት ይሁን? ሁለተኛ፣ የጋራዡ ወለል መሃሉ ተሰንጥቆ አንዱ ጎን ከፍ ብሏል፣ ክረምት ላይም ከስር እርጥበት ይመጣል። ላዩን በሲሚንቶ ብናስለስነው ይይዛል? ከአሜሪካ ይዘን መምጣት ያለብን ዕቃ ካለም ንገሩን።

ዳዶና ቡሎን (አዲስ አበባ፣ መካኒክ)

እህቴ፣ የዘበኛውን ነገር ላስቀድም፤ በቅን ልቦና ብዙ መኪና የሚበላሸው በዚህ ነውና። በየሳምንቱ አምስት አስር ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ጨርሶ ካለማስነሳት ይከፋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናው ተነድቶ በደንብ ሲሞቅ እንፋሎቱ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ወጥቶ ይሄዳል። በአስር ደቂቃ ሚኒሞ (ቆሞ በዝቅተኛ ዙር መሥራት) ግን ዘይቱም ማርሚታውም አይሞቁም። ውሃው ማርሚታው ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ያዝገዋል፣ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መሙያው ክዳን ስር ማዮኔዝ የሚመስል ነገር ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ባትሪውም አይጠቀምም፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ለማስነሳት የወሰደውን ዲናሞው (ባትሪ የሚሞላው) በዚያች ጊዜ በሚኒሞ አይመልሰውም።

በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የዘበኛው ክፍል ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ይህን አጥብቃችሁ ንገሩት።

መንጃ ፈቃድ ያለው የምታምኑት ሰው ካለ በወር አንዴ ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር ይንዳው፤ ከለገጣፎ ሰንዳፋ ደርሶ መመለስ ከበቂ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ቁልፉን ይዛችሁት ሂዱ።

ሳትሄዱ የሚሠራው ይህ ነው። ዘይቱን ስትመለሱ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ቀይሩ። ያገለገለ ዘይት አሲድና እርጥበት የያዘ ስለሆነ 11 ወር ሙሉ ብረቱን ሲበላ ይከርማል። ይህ ሞተር ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ይወስዳል፣ 5ደብሊው-30 ይበቃዋል። የኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ማፍሰሻ ቡሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል፣ የሚጠብቀው በ37 ኒውተን ሜትር ነው። ኮፓው ላይ ያለው ጥርስ የሚላጠው በረጅም ቁልፍ እስኪጮህ ድረስ ሲጠብቅ ስለሆነ በጉልበት አትመኑ። ሮንዴላው በየቅያሪው አዲስ ይሁን። ፊልትሮው ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ ይዞራል። ከዚያ አስነስታችሁ ሞተሩ እስኪሞቅ አሠሩት፣ አጥፍታችሁ የሚያንጠባጥብ እንደሌለ እዩ።

ቤንዚኑን አፍ እስከ ገደፉ ሙሉ። ባዶ ታንከር ውስጥ ያለ አየር በክረምት ቅዝቃዜ እርጥበቱን ጥሎ ታች ያጠራቅማል። ቤንዚን ከስድስት ወር ወዲያ እየተበላሸ ስለሚሄድ ማቆያ ተጨማሪ (ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል ፈሳሽ) ካገኛችሁ በመጨረሻው ሙሌት ጨምራችሁ 15 ደቂቃ ንዱ፣ እስከ ኢንጀክተሩ እንዲደርስ። ትርፍ ቤንዚን በጄሪካን ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጥ ግን አይታሰብ።

ጎማዎቹን ከ32 ወደ 40 ፒኤስአይ አስነፉ፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ። ይህ ቆሞ እንዳይጠፈጠፍ ነው። የእጅ ፍሬን አይያዝ። እርጥበት ባለበት የኋላው የፍሬን ሸራ ታምቡሩ ላይ ይጣበቃል፣ ሲጎተትም ሸራው ከብረቱ ተገንጥሎ ይቀራል። አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ሽብልቅ አድርጉ።

ሽፋኑ የሚተነፍስ ጨርቅ ይሁን። የላስቲክ ሸራ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ቀለሙንም ብረቱንም ይጎዳል።

የሱሉልታ

ኩላንቱን (የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳትነግሯት ቀራችሁ። አዲስ አበባ በረዶ አይጥል፣ ውሃ ይበቃል የሚል ብዙ ነው። አንዳንዱ ጋራዥም ውሃ ሞልቶ ይሰድዳል።

ዳዶና ቡሎን

ወንድሜ፣ ጥሩ አነሳኸው። እኛ አገር ኩላንት የሚያስፈልገው ለብርዱ ሳይሆን ለከፍታው ነው። ለገጣፎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ እናንተ ጋ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ቶዮታ ፋን የሚነሳው ደግሞ ሙቀቱ 90 ካለፈ በኋላ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ደርቆ ግፊት መያዝ ካቆመ፣ ፋኑ ገና ሊነሳ ሲል ውሃው መፍላት ይጀምራል። ለዚህ ነው እንጦጦን ሲወጡ «ያለ ምክንያት» የሚያፈሉት፣ ቴስታታቸው (የሞተሩ ራስ) የሚጣመመውና ጋርኒሲዮን (ከስሩ ያለውን መዝጊያ) የሚያቃጥሉት። 1.1 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ብቻውን የመፍያውን ነጥብ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ከራዲያተሩ ዋጋ አንጻር ምንም ስለሆነ ጥርጣሬ ካለ ይቀየር።

ተራ ውሃ ሌላም ጉዳት አለው። ቆሞ ሲከርም የአሉሚኒየሙን ራዲያተርና የውሃ ፓምፑን ይበላል። ኩላንት እንዳያዝግ የሚያደርገው በውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ነው። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሁን፤ ለባትሪ የሚሸጠው ውሃ ይሆናል። ቀለሙ የተለያየ ኩላንት ማደባለቅ አይገባም፣ አሮጌው በደንብ ይታጠብ።

ቮልት

ባትሪው ላይ ልጨምር። በመልቲሜትር ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። ከ12.4 በታች ሆኖ ወራት ከቆየ ሳህኑ ላይ ሰልፌት ይጠነክርበታል፣ ከዚያ ቻርጅ ቢደረግም አይመለስም። መኪናው ቆሞም በሰዓቱ፣ በአላርሙና በኮምፒውተሩ ጥቂት ይወስዳል፤ ጤናማው ልክ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነው። ይህ ትንሽ ቢመስልም በሁለት ወር ገደማ መካከለኛ ባትሪ ይጨርሳል። ስለዚህ ቢያንስ የነጌቲቩን ገመድ በ10 ቁልፍ ፈትታችሁ ለዩ። ስትፈቱ ነጌቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ ነጌቲቩ ይከተል።

ባትሪው ተፈትቶም በራሱ ይወርዳልና በየሁለት ሦስት ወሩ ቻርጅ የሚያደርግለት ሰው ያስፈልጋል። የተሻለው እየጠበቀ የሚሞላ አነስተኛ ቻርጀር ማሰር ነው። እዚህ ላይ ከአሜሪካ የምትመጡ ተጠንቀቁ፦ እዚያ ሱቅ ያለው ብዙው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፣ የእኛ መስመር 220 ስለሆነ ሲሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ፈልጉ። ሁለተኛው መመዘኛ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ መሥራቱን መቀጠሉ ነው። ቁልፍ ተጫኑልኝ የሚል ዓይነት በመጀመሪያው መቋረጥ ይቆማል፣ ማንም ሳያውቅ ባትሪው ይሞታል። ቻርጀሩ የቮልቴጅ መከላከያ ባለው ሶኬት ላይ ይሰካ፣ በተደራረበ ዲቫይደር ላይ አይሁን።

ከዚያ የሚመጣ ዕቃ ካላችሁ፦ ከ20 እስከ 120 ኒውተን ሜትር የሚሸፍን ቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ (የዚህ መኪና የጎማ ዳዶ 103 ነው)፣ መልቲሜትርና ጥሩ የጎማ ንፋስ መለኪያ። ባትሪ ሲደክም መኪና የሚያስነሳ የሊቲየም ማስነሻም ይጠቅማል፣ ግን ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠ መሆን አለበት፣ የሚያዘውም በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ክሪክና የብረት ስታንድ ግን ክብደቱ አያዋጣም፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ሞልቷል።

የሱሉልታ

አይጥ አትርሱ። ጋራዡ የጤፍና የበቆሎ ጆንያ ማስቀመጫ ከሆነ መኪናው አብሮ ይበላል። እህሉ ይውጣ። አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ትገባለች፣ ስለዚህ የአየር መግቢያው ላይ ከዚያ የጠበበ የሽቦ ወንፊት፣ በሩ ስር የጎማ መዝጊያ ይሠራ። ለስላሳው የላስቲክ ወንፊት አይረባም፣ ትበላዋለች።

ግንበኛ (አያት)

ወለሉ ላይ ልመለስ፣ ሐሳባችሁን ብር ከመጣላችሁ በፊት ለማስቆም። ልስን አይዝም። ከለገጣፎ እስከ ገላንና አቃቂ ብዙው ቦታ ጥቁር ዋልካ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ግድግዳችሁ ጥልቅ መሠረት ላይ ስላለ አይነቃነቅም፣ ወለሉ ግን በቀጥታ ዋልካው ላይ ተኝቶ ወደ ላይ ይገፋል። «አንዱ ጎን ከፍ ብሏል» ያላችሁት ይህ ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ልስን በሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ላይ ቢደረግ በመጀመሪያው በጋ እዚያው መስመር ላይ ይከፈታል።

ወለሉን ከመንካታችሁ በፊት ውሃውን አስተካክሉ፣ ሥራው ግማሹ እሱ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ግድግዳው ሥር የሚጥል ከሆነ በቱቦ ወደ ውጭ ይወሰድ። ዙሪያውን አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ማርሻፔዴ (የሲሚንቶ መረማመጃ) ይሠራ። ግድግዳው ሥር የሚጠጣ አበባ ይነሳ፣ አጠገቡ ባህር ዛፍ ካለም ሥሩ ዋልካውን በበጋ ያደርቀዋልና ያስቡበት።

ከዚያ አሮጌው ወለል ይነሳ፣ ዋልካው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይውጣ። ምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየረጠበ ይደቅደቅ። አንዴ ሞልቶ ላዩን ብቻ መደቅደቅ የተለመደው ስህተት ነው፤ ከስር ልል ሆኖ ይቀርና ጎማው በሚያርፍበት ይሰምጣል። ላዩ 25 ሴንቲ ሜትር ሃርድኮር (የድንጋይ ንጣፍ)፣ ክፍተቱ በጠጠር የተሞላ፣ ከዚያ እርጥበቱን የሚቆርጥ ወፍራም ላስቲክ ተነባብሮ ይነጠፍ። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ፎም ይግባ፣ ወለሉ ከግድግዳው ተለይቶ እንዲንቀሳቀስ።

3.5 በ6 ሜትር ለሆነ ጋራዥ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ የሚያስፈልገው 2.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ከታሰበ 18 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ብክነቱን ጨምሮ 20 ግዙ። ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ሲታሰር 220 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ባለ 12 ሜትሩ 19 ወይም 20 ቤርጋ (ዘንግ) ነው። ፌሮው መሬት ላይ ተኝቶ ኮንክሪት ቢፈስበት ጥቅም የለውም፣ በትናንሽ የሲሚንቶ ስፔሰር ከፍ ይበል። ከፍታው ወደ በሩ 6 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። በ24 ሰዓት ውስጥ መሃሉ ላይ፣ 3ኛው ሜትር ላይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆረጥ። ሊሰነጠቅ ካለም እዚያ ይሰነጠቃል።

ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ፣ መኪና የሚገባበት በ28 ቀን ነው። ስለዚህ በገናና በጥምቀት መካከል ባለው ጊዜ አይሞከርም። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱም ገና ሳይሰነጠቅ። እናንተ ባትኖሩም ቁፋሮውንና ፌሮውን ከመሸፈኑ በፊት የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ ፎቶ ይላክላችሁ። ያን ጊዜ መኪናው ተገፍቶ ይወጣል፤ የእጅ ፍሬኑ አልተያዘም፣ ሽብልቁን አንስቶ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪኩ (ገርጂ)

እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አንዳንዶቻችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ትኖራላችሁ፣ አጭር ቃል፦ 100 በመቶ ሞልታችሁ አትሂዱ፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ ይቁም። የ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ በኤሌክትሪክ መኪናም ይሞታል፣ «ቮልት» ከላይ ስለ ባትሪ የጻፈው ሁሉ ይመለከተዋል። ወለሉ ሲቆፈር ከቆጣሪው እስከ ጋራዡ ቱቦ ይቀበር። ለ7 ኪሎዋት ቻርጀር ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያና ትክክለኛ ኤርዝ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ የቻርጅ ገመድ አትግዙ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ሶኬታቸው ጂቢቲ (የቻይና ስታንዳርድ) ስለሆነ አይገጥምም።

የለገጣፎዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሁሉም ገብቶኛል። አንድ ቀረኝ፦ ስንመለስ እንዴት እናስነሳው?

ዳዶና ቡሎን

ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ። የአይጥ ጎጆ፣ የተበላ ሽቦ፣ የተሰነጠቀ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ) እዩ። የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ፣ አይጥ የምትወደው ቦታ እሱ ነው። ዘይት፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት ልኩን ተመልከቱ፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየራል፣ ዶት 3 ነው።

ባትሪው ታስሮ ኢኤፍአይ (የነዳጅ መርጫው) የሚለውን ፊውዝ ከሞተሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ንቀሉ። እንዲህ ሞተሩ አይነሳም፣ ግን ሲዞር ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋል። ከአምስት እስከ አስር ሰከንድ አዙሩ፣ አረፍ አድርጉ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድገሙ። ፊውዙን መልሱና አስነሱ። በሩ ክፍት ይሁን። ነዳጅ አትርገጡ፣ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፣ ታች የሚንጠባጠብ እዩ።

ጎማውን ወደ 32 መልሱ። ግቢ ውስጥ ፍሬኑን ፈትሹ፦ ፔዳሉ ከሰመጠ ወይም ስፖንጅ ከሆነ አትውጡ። ዲስኩ ላይ ያለው ቀይ ዝገት ቀስ እያላችሁ ስትይዙ ይጠፋል። መንቀጥቀጡ ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላም ካልተወ ጎማው ጠፍጥፏል፣ ወይም ዲስኩ ተበልቷል። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጊዜው ካለፈ ወደ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንሹራንሱ ይታደስ።