የባኦባብ ፍሬ ለደም ማነስና ለሆድ ድርቀት ይረዳል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ
እናቴ በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ እንዳለባቸው በምርመራ ስለተረጋገጠ ሐኪም የብረት ክኒን አዞላቸዋል፤ ክኒኑ ግን ሆድ ድርቀት አስከተለባቸው። ከደረቅ ቆላማ አካባቢ የመጣ ዘመዳችን የባኦባብ ፍሬ (አንዳንዶች ዲማ ይሉታል) አምጥቶ፣ ከብርቱካን ስድስት እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከወተትም እጥፍ ካልሲየም ስላለው ክኒኑ ከእንግዲህ እንደማያስፈልጋቸው ነገረን። የተባለው እውነት ነው? ፍሬውስ እንዴት ይዘጋጃል፣ መፍላት አለበት? በቀን ምን ያህል ቢወስዱ ይበቃል?

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ
የተባለው ቁጥር መነሻ አለው፤ ስሕተቱ ንጽጽሩ ላይ ነው። የባኦባብ ፍሬ ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ በዛፉ ላይ ስለሚደርቅ ንጥረ ነገሩ ተጠራቅሞ ይቀራል፤ ብርቱካንና ወተት ግን አብዛኛው ክፍላቸው ውኃ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ዱቄት በአንድ ጊዜ የሚበላ ሰው ስለሌለ ማየት ያለብን አንድ ማንኪያ የሚሰጠውን ነው። በ100 ግራም ዱቄት ከ150 እስከ 500 ሚሊግራም የሚደርስ ቫይታሚን ሲ ተለክቷል፤ መጠኑ እንደ ዛፉ፣ እንደ አፈሩና ፍሬው እንደቆየበት ጊዜ ይለያያል። 300 ሚሊግራም ነው ብንል፣ 10 ግራም ገደማ የሚይዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ 30 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ይህም ከመካከለኛ ብርቱካን ግማሽ ጋር ይቀራረባል። ካልሲየሙም በዚያው ማንኪያ 30 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ ወተትን አይተካም።

ይህ መጠን ግን ለእናትዎ ትርጉም አለው። ከጥራጥሬና ከአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል የሚገኘውን ብረት አንጀት በቀላሉ አይመጥጠውም፤ በዚያው ማዕድ ላይ ቫይታሚን ሲ ሲኖር ብረቱ ለመመጠጥ ወደሚመች መልክ ይለወጣል። ስለዚህ ዱቄቱን ከምግብ ጋር ይውሰዱት፤ ሻይና ቡና ብረትን የሚይዙ ታኒኖች ስላሏቸው ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ፍሬው ራሱ የያዘው ብረት ግን የተሟጠጠ ክምችትን አይሞላም፤ ክኒኑን በፍጹም እንዳያቋርጡ።

እኔ ከቫይታሚኑ ይልቅ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለፋይበሩ (ሳይፈጭ ለሚያልፈው የእፅዋት አሰር) ነው። ከዱቄቱ ግማሽ የሚጠጋው ፋይበር ነው፤ ከዚያም ብዙው እንደ ፔክቲን ያለ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ዓይነት በመሆኑ ሰገራን ያለሰልሳል፣ ለአንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ምግብ ይሆናል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምረው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያድርሱት። አብረው በቂ ውኃ ካልጠጡ ድርቀቱ ሊብስ፣ ሆድም ሊነፋ ይችላል።

መልስ፦ በደረቅ አካባቢ ዛፎች ላይ የሚሠራ የደን ባለሙያ
ስለ አዘገጃጀቱ ልጨምር። ሲነቀነቅ ውስጡ የሚንኳኳውን፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀውንና ነፍሳት ያልበሱትን ይምረጡ። በመዶሻ ሰብረው ሲከፍቱት ሥጋው ነጭ ወይም ክሬም መልክ ሊኖረው ይገባል፤ የሻጋታ ሽታ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ሙሉ በሙሉ ይጣል። ቀያዮቹን ክሮች ለቅመው ሥጋው ከውስጡ ዘር እስኪለቅ በሙቀጫ ቀስ ብለው ይውቀጡና ይንፉት፤ ወይም በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ዘፍዝፈው፣ አሽተው ያጥልሉት። ሙቀት ቫይታሚን ሲን ስለሚያጠፋ ማፍላት አያስፈልግም። በሱዳንና በሴኔጋል ከዚሁ ሥጋ የሚሠሩት መጠጦች የታወቁ ናቸው። ዱቄቱ እርጥበት በቶሎ ስለሚስብ በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ይህ ዛፍ ያለ መስኖ፣ ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት ምግብ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ብዙ ቦታ ፍሬው ከሥሩ ወድቆ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥጋውን ለምግብነት ፈቅዷል።

መልስ፦ ፋርማሲስት
ፋይበር የመድኃኒቶችን መመጠጥ ሊያዘገይ ስለሚችል ዱቄቱንና ማንኛውንም ክኒን በሁለት ሰዓት ያራርቁ። የዱቄቱ የፖታሲየም መጠን ከፍተኛ ስለሆነ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ጎምዛዛ በመሆኑም የጨጓራ ቃር ያለበት ሰው በባዶ ሆድ ባይወስደው ይሻላል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ይወስዳሉ፤ ይህ ችግር ይፈጥራል?

መልስ፦ ፋርማሲስት
ኢናላፕሪል በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ያለው ፖታሲየም ከአንድ ሙዝ ያነሰ በመሆኑ ኩላሊታቸው ጤናማ ከሆነ ይህን ያህሉ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። ሆኖም የቅርብ ጊዜ የኩላሊትና የፖታሲየም ውጤት ከሌላቸው መጀመሪያ ይመርመሩ። እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያለ ፖታሲየም የሚያስቀር መድኃኒት ከተጨመረላቸው ደግሞ ዱቄቱን አቁመው ለሐኪማቸው ይንገሩ።