በሐይቅ ደለል ውስጥ የሰውን አሻራ ከድርቅ ምልክት እንዴት ልለይ?

ከአንድ ትንሽ ሐይቅ ወለል በቱቦ ያወጣሁትን የ4 ሜትር ደለል እየመረመርሁ ሳለ ለወራት መሻገር ያቃተኝ ችግር ስለ ገጠመኝ፣ በዚህ ሙያ የቆያችሁ እንድታግዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከደለሉ ላይኛ ጫፍ 180 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የዛፎች የአበባ ብናኝ በድንገት ይቀንሳል፤ የሣር ብናኝና ደቃቅ ከሰል ግን አብረው ይጨምራሉ። የደን ምንጣሮ ነው ብዬ ለመጻፍ ብቸኩልም፣ ድርቅም ዛፎችን አመንምኖና እሳትን አባብሶ ያንኑ ምልክት ሊተው ይችላል። የእርሻ ምልክት በሆነው በእህል ብናኝ እንዳልመካ፣ የአንዳንድ የዱር ሣሮች ብናኝ በመጠኑ ስለሚቀራረብ በማይክሮስኮፕ መለየቱ ያስቸግራል።

ከሁሉ የከፋው የዕድሜው ጉዳይ ነው። የካርቦን 14 ልኬት (በሕያዋን ቅሪት ውስጥ ባለው ካርቦን ዕድሜን የማወቂያ ዘዴ) ያስደረግሁት ቅሪቶቹን ለይቼ ሳይሆን በጅምላ ደለሉ ላይ ሲሆን፣ ከለውጡ በላይ ያለው ንብርብር ከሥሩ ካለው በዕድሜ በልጦ ተገኝቷል። የምጠረጥረው ከተራቆተ ተዳፋት ታጥቦ የገባ አሮጌ አፈር ውጤቱን እንዳዛባው ነው። እንዲያ ከሆነ ስህተቱ ራሱ የመሬቱን መራቆት ይመሰክራል፤ ሐሳቡ እጅግ ቢያጓጓኝም ለብቻው ማስረጃ አድርጌ ላቀርበው አልደፍርም።

የቀረኝ ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። ከደለሉ ውስጥ የየብስ ዕፅዋት ቅጠልና ዘር ለቅሜ ዕድሜውን እንደገና ባስለካ ይሻላል፣ ወይስ በእበት ላይ የሚበቅለውን የስፖሮርሚየላ ፈንገስ ስፖሮች ብቆጥር? የኋለኛው ሣርና ቅጠል በል እንስሳት መኖራቸውን ይጠቁማል፤ የቤት ይሁኑ የዱር ግን አይለይም። የቆጠራዬን ሠንጠረዥ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደስታ እልካለሁ።