ጠዋት 118፣ ኤዋንሲ 8.4?? ግራ ገባኝ

የማዘር_ልጅ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ማዘር ስኳር ከጀመራት 9 ዓመቷ ነው፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ባለፈው ኤዋንሲ (HbA1c) የሚባለው የስኳር ምርመራዋ 9.6 ሲመጣ ደንግጬ መለኪያ ገዛሁላት፣ ይኸው ወር ተኩል ሆናት ሻይ ያለ ስኳር፣ ማታ እንጀራ ሩብ ብቻ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ስራ ሳልሄድ በባዶ ሆዷ እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ 112፣ 118፣ 125 በቃ ከዚህ አልፎ አያውቅም። ትናንት ድጋሚ ስትመረመር 8.4!! ላቦራቶሪው ተሳስቶ ነው ወይስ ልፋታችን ውሃ በላው? እሷማ አኩርፋ ሻዩ ላይ ሁለት ማንኪያ ጨመረች

ላቦራቶሪስቷ፦ ኧረ እኛ ላይ አትፍረድ ሃሃ። ከ9.6 ወደ 8.4 በወር ተኩል እኮ ጥሩ ነው፣ ሻዩን ቀማት! ኤዋንሲ ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀው ስኳር ነው፣ ቀይ የደም ሴል ደግሞ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ማዘር መጠንቀቅ ሳትጀምር የተጣበቀው ገና ከደሟ አላለቀም፣ ውጤቱን ግማሽ ያህል የሚወስነው ያለፈው አንድ ወር ነው። ግን 8.4 ማለት በእናንተ መለኪያ ቁጥር በአማካይ 194 አካባቢ ስለሆነ ጠዋት 118 ሆና ቀን የሆነ ቦታ ትሰቀላለች ማለት ነው። ምሳ መብላት ከጀመረች ከ2 ሰዓት በኋላ ለካት፣ ከ180 በታች ነው የሚፈለገው። ደም ማነስ ካለባትም ለሐኪሟ ንገሩ፣ የአይረን እጥረት ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል

ኢንሱሊን_በኪሴ፦ እኔ ታይፕ 1 ነኝ (ሰውነቴ ራሱ ኢንሱሊን የማያመርትበት የስኳር ዓይነት)። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ እንደኔ ታይፕ 1 የሆኑ 1,441 ሰዎች ላይ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የተሰራው ዲሲሲቲ የሚባለው ጥናት ላይ ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው የያዙት ኤዋንሲያቸው 7 አካባቢ ሌሎቹ 9 አካባቢ ነበር፣ አዲስ የዓይን ጉዳት በ76 በመቶ ቀነሰላቸው፣ በኋላ የሁለቱም ቁጥር 8 አካባቢ ተገናኝቶ እንኳ ጥቅሙ ለዓመታት አልጠፋም። ግን ከባድ የስኳር መውረድ 3 እጥፍ ገደማ ሆነባቸው፣ እሱን በራሴ አይቼዋለሁ፣ 6.2 አመጣሁ ብዬ ስጎርር አንድ ሌሊት 48 ወርዶብኝ ፍሪጁ ጋ ቆሜ እጄ እየተንቀጠቀጠ የሚሪንዳ ክዳን መክፈት አቃተኝ። ለካ ያ 6.2 የ48 እና የ250 አማካይ ነበር። ማዘርን በአንዴ አታስጨንቃት፣ ስንት ላይ መድረስ እንዳለባት ሐኪሟ ይንገራችሁ፣ ለትልቅ ሰው ከ7 ትንሽ ከፍ ቢልም ይፈቅዳሉ

የማዘር_ልጅ፦ ዛሬ ፈቃድ ወስጄ ምሳ በልታ ለካኋት፣ 263!! ለካ እኔ ስራ ስሄድ ማታ የቀነሰችውን እንጀራ ምሳ ላይ በሽሮ ታካክሰዋለች። ደብተሩ ላይ የምሳ መስመር ሳሰምር አየችኝና "ደግሞ ይሄን ማን ነገረህ" አለች